ከዋሽንግተን አዲስ አበባ፦ ሲሄዱ 13 ሰዓት፣ ሲመለሱ 17

ዘንድሮ ክረምት ላይ ቤተሰብ ለመጠየቅ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሄጄ ነበር። ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ መጀመሪያ የሰዓቱን ነገር ልንገራችሁ፤ አብዛኛው ሰው ትኬት ሲቆርጥ የሚያየው ዋጋውን ብቻ ነው።

ከደለስ (የዋሽንግተኑ አየር ማረፊያ) እስከ ቦሌ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። መሄጃው ሳያርፍ 13 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ረፋዱ ላይ ተነስቶ በማግስቱ ማለዳ ያደርሳችኋል። መመለሻው ግን 16፣ 17 ሰዓት ይፈጃል። አንደኛ ነፋሱ ነው፤ አውሮፕላኑ በሚበርበት ከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ሲሄዱ ይገፋል፣ ሲመለሱ ይጋፋል። ዋናው ግን ቦሌ ራሱ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያንሳቸዋል። ሰውና ሻንጣ ጢም ብሎ የተጫነ አውሮፕላን እስከ አሜሪካ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሳት ስለሚቸግረው መንገድ ላይ ወርዶ ይቀዳል። ለዓመታት ደብሊን ነበር የሚያርፈው።

እኛም አውሮፓ ላይ ወረድን። ከአውሮፕላኑ መውጣት የለም፤ እንዲያውም ነዳጅ እስኪቀዳ ቀበቶ ፍቱ ተባልን፣ አደጋ ቢመጣ ቶሎ ለመውጣት ነው። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ፌስታላቸውን ታቅፈው ተነሱ።

«ደረስን ልጄ?»

«ገና ነው እማማ፣ ውቅያኖሱ ይቀረናል።»

«ታዲያ ምን አወረደን?»

እናት ወይ አባት ብቻቸውን የምታስመጡ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ትኬቱን የሸጠልኝ ወኪል (ስሙ ይቅር) ስለ ማረፊያው ትንፍሽ አላለም። ለዚያ ሁሉ የአገልግሎት ክፍያ ይቺን መንገር ምን ይከብዳል?

መስተንግዶው ጥሩ ነው። አስተናጋጆቹ ትልልቆቹን «እናቴ፣ አባቴ» እያሉ ነው የሚያገለግሉት፤ በሌላ አየር መንገድ ይህን አላገኘሁም። ሻንጣ ሁለት ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ስትመለሱ በርበሬውንና ሽሮውን ቤት ውስጥ መዝኑ፤ ቦሌ ወረፋ ላይ ሻንጣ ከፍቶ መቀነስ ያሳፍራል። ሸኚ ወደ ውስጥ ስለማይገባ ስንብቱን ውጭ ጨርሱ፣ መግቢያው በር ላይም ፍተሻ አለ።

ከተማ ውስጥ በራይድ (በስልክ የሚጠራ ታክሲ) ነበር የምንቀሳቀሰው። ዋጋው ስልክ ላይ ስለሚታይ ክርክር የለም።

ባሕር ዳር ደግሞ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ በመኪና ግን የአባይ በረሃን ወርዶ መውጣት ስላለ ቀኑን ሙሉ ይበላል። በአየር መንገዱ ከውጭ ለገባ ሰው የአገር ውስጥ ትኬት ቅናሽ ስላለው ስትቆርጡ ጠይቁ። ብቻ ከውጭ በገባችሁበት ቀን ከሆነ የምትቀጥሉት፣ ፓስፖርት ቁጥጥሩና ሻንጣ መጠበቁ ጊዜ ስለሚበላ በመሃሉ ቢያንስ አራት ሰዓት ተዉ።