ናሙና ድርሰት ወይስ አሞራ ገደል?

ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ልጆች ገላጭ ድርሰት ለማስተማር ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ናሙና አንብቦ በዚያው ቅርጽ ማስጻፍ ነው። ሌላው ደብተር አስይዞ ወደ ውጭ መውጣት።

ናሙናው ይቀላል። ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃዋል፤ ልጅ የታጨቀበት ክፍልም አያስቸግረውም። መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ የሚለውን ቶሎ ይይዙታል። ችግሩ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ይጽፋሉ። «ሐዋሳ ውብና ማራኪ ከተማ ናት» ይሉና አለቀ። ምኗ ነው ውብ? ዝም።

ሐዋሳ ላይ ግን መውጣት ያዋጣል። ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሂዱ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሲፋቅ ቅርፊቱ እጅ ላይ ይለጠፋል። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ መላጣ ጭንቅላቱን አቀርቅሮ፣ ጉሮሮው ሥር ከረጢቱን አንጠልጥሎ፣ የሚጣልለትን የዓሣ አንጀት ይጠብቃል። ልጁን «ምን ይሸትሃል?» በሉት። «ይገማል» ካለ አትልቀቁት፤ «እንደ ምን?» በሉ። ድርሰቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ገጹን ለአምስቱ የስሜት ሕዋሳት አምስት ቦታ መክፈል ይረዳል። (አንዱ ጥሬ ዓሣ ቀምሶ «ለጣዕም ነው ቲቸር» ማለቱ አይቀርም።)

ጣጣም አለው፦ የወላጅ ፈቃድ፣ ሐይቁ ዳር ልጅ መጠበቅ፣ የሚባክን ክፍለ ጊዜ። ይዘውት የሚመጡት ማስታወሻም የተዝረከረከ ነው። ናሙናው የሚያስፈልገው ያኔ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ አስወጣቸዋለሁ፣ ናሙናውን በማግስቱ አሳያቸዋለሁ። መውጣት ካልተቻለ አንድ ቆሮሶ ገዝቶ ክፍል ማምጣትም ያስኬዳል። መስኮት ግን ክፈቱ።