መድረክ ወይስ ካሜራ?
መሪ ተዋናይ ሳይሆን አይረሴውን ሽማግሌ፣ ደላላ ወይም ዳኛ መጫወት ለሚሻ የጅማ ወጣት፣ መድረኩ ይቅደም እላለሁ። መድረክ ላይ ድምፁ ያለ ማይክ መጨረሻ ወንበር መድረስ አለበት፤ ቢሳሳትም ማቋረጥ የለም፤ ተመልካቹ መልሱን እዚያው ይሰጠዋል። ካሜራ ፊት ያው ድምፅ ጩኸት ይሆናል፤ ስሜትን ለማሳየት ዓይንን ዝቅ ማድረግ ብቻ ይበቃል። ትዕይንቱ ቅደም ተከተሉን ሳይጠብቅ ተቆራርጦ ስለሚቀረጽ፣ የገጸ ባሕርዩን ስሜት ይዞ መቆየት ግድ ነው። ሁለቱንም የቻለ ተዋናይ አይተናል፤ ደበበ እሸቱ የአዲስ አበባ መድረኮች ሰው ሆኖ በ1973 እ.ኤ.አ. በወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ፊልም ተጫውቷል። እርግጥ፣ ዝና ወደ ስክሪኑ ያደላል። ግን አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ለቀረጻ እስኪጠሩ ከመጠበቅ፣ እዚሁ ጅማ አጭር ቴአትር አጥንቶ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ማሳየት ይሻላል።