የ20 ዶላር ሰንጢ ወይስ የ400?

ቁርጡን ልንገራችሁ፤ ሰንጢ የምትፈልጉት ለዕለት ሥራ ከሆነ ርካሹን ግዙ። ውዱ መጥፎ ስለሆነ ግን አይደለም።

ሁለት ጫፍ ላይ ያሉትን ልውሰድ። አንደኛው የፈረንሳዩ ኦፒኔል ቁጥር 8 ነው። እጀታው እንጨት፣ ዋጋው 20 ዶላር ገደማ። ሌላኛው አሜሪካ፣ አይዳሆ ውስጥ የሚሠራው የክሪስ ሪቭ ሰቤንዛ ነው፤ እጀታው ቲታኒየም፣ ዋጋው ከ400 ዶላር በላይ።

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው አቆራረጡ ላይ ነው። ውድ ብረት ማለት ቶሎ የማይደንዝ ማለት እንጂ የተሻለ የሚቆርጥ ማለት አይደለም። አቆራረጡን በአብዛኛው የሚወስነው የስለቱ ቅጥነት ነው። የኦፒኔሉ ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም፣ የሰቤንዛው ወደ ሦስት ይጠጋል፤ ስለዚህ ፖም ስትቆርጡ ኦፒኔሉ ሰተት ብሎ ሲገባ ሰቤንዛው እንደ ሽብልቅ ይሰነጥቀዋል። አዎ፣ የ400 ዶላሩ!

ካርቶን ጠዋት ማታ የሚቆርጥ ሰው ግን የውዱን ብረት ጥቅም ያየዋል፣ ስለቱ ይቆያል። ችግሩ የደነዘ ዕለት ነው። ያ ጠንካራ ብረት በተራ መሳያ ድንጋይ ቶሎ እሺ አይልም፣ የአልማዝ መሳያ ቢኖራችሁ ይሻላል። ኦፒኔሉን፣ በተለይ የካርቦን ብረቱን፣ ሌላ ነገር ከሌለ የቡና ሲኒ ገልብጣችሁ ሻካራው ቂጡ ላይ አሸት አሸት ብታደርጉት ይመለሳል።

ኦፒኔልም እንከን አያጣም። የካርቦኑ ሎሚ ነክቶት ካልተጠረገ ይጠቁራል፣ እርጥብ ከተቀመጠም ይዝጋል፤ ለዚህ የማይዝገውን ዓይነት መምረጥ ትችላላችሁ። እንጨቱ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና አልከፈትም ይላል። ለመክፈትም ሁለት እጅ ይፈልጋል። ሰቤንዛው ግን በአንድ እጅ፣ በአውራ ጣት ይከፈታል፤ ስለቱ ከተከፈተ በኋላ እንዳይታጠፍ የሚይዘው መቆለፊያ ንቅንቅ አይልም፤ ሲቆሽሽ ብሎኑ ተፈትቶ ይጸዳል።

ግን እስቲ በ400 ዶላር ሰንጢ የቀለም ጣሳ ክዳን ትፈለቅቃላችሁ? (በየትኛውም ሰንጢ መፈልቀቅ ልክ አይደለም፣ ግን ሁላችንም እናደርገዋለን።) ጓደኛ «እስቲ አንዴ» ሲላችሁ «ቆይ እኔ ልቁረጥልህ» የምትሉበት ዕቃ የዕለት መሣሪያ አይባልም።

መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ካርቶን የምትከፍቱ ሁለቱንም ተዉና ካተር ግዙ። ሲደነዝ ስለቱን መቀየር ነው፣ አለቀ።

ብሪታንያ ያላችሁ ደግሞ ሕጉን ልብ በሉ፤ የሚቆለፍ ሰንጢ ያለ በቂ ምክንያት ይዞ አደባባይ መውጣት ክልክል ነው፣ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ይቆለፋሉ። ለእናንተ የሚሆነው የስዊዘርላንዱ ቪክቶሪኖክስ ስፓርታን ነው፤ አይቆለፍም፣ ስለቱም ከ3 ኢንች ያነሰ ነው። የቆርቆሮና የጠርሙስ መክፈቻም አለው።

ሰቤንዛን ግዛ የምለው በደንብ የተሠራ ዕቃ መያዝ ለሚያስደስተው ሰው ነው። ደስታው ራሱ በቂ ምክንያት ነው፤ «ለሥራ ነው» እያለ ባለቤቱን ለማሳመን ባይደክም ይሻለዋል።

የትኛውንም ገዝታችሁ ወደ አገር ቤት የምትበሩ ከሆነ በእጅ ሻንጣ እንዳትይዙት፣ ፍተሻ ላይ ይቀርባችኋል። ጠቅልላችሁ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክተቱት።