በጅማ ለምትሠራ አንዲት ሲስተር የቀረበ ምስጋና፣ ለእህቶቼም ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ከሁለት ዓመት በላይ ዘግይቻለሁ። የዘገየሁት ምስጋናው ከልቤ ጠፍቶ ሳይሆን፣ ለማመስገን አስቀድሜ የራሴን ገመና መግለጥ ስለነበረብኝ ነው። የ43 ዓመት ሴት ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁትም፣ ወልጄ የምኖረውም በጅማ ከተማ ነው። ኤች አይ ቪ በደሜ ውስጥ እንደሚገኝ ያወቅሁት በ2000 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ለቅድመ ወሊድ ክትትል በሄድኩበት ጊዜ ሲሆን፣ በተደረገልኝ ክትትል ሁለቱም ሴት ልጆቼ ከቫይረሱ ነጻ ሆነው ተወልደዋል፤ ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን።

የማመሰግናትን ሲስተር ስም አልጽፍም። ልጽፍ አስቤ ሳማክራት «ስሜ ከወጣ ሰው እኔን ፍለጋ ይመጣል፤ እኔ በሌለሁበት ቀን ደግሞ ሳይመረመር ይመለሳል» ብላ ስለከለከለችኝ ነው። የምትሠራው በከተማችን ካሉት የመንግሥት ጤና ተቋማት በአንዱ፣ በማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ክፍል ውስጥ ነው። በውስጥ መስመር ለሚጠይቁኝ እህቶች የት እንደምትገኝ እነግራለሁ።

ነገሩ የጀመረው በራሴ ጥፋት ነው። በ2013 ዓ.ም. የቡና ለቀማ ወራት ከባለቤቴ ጋር ወደ ቤተሰቦቹ ገጠር ሄደን ስንቆይ፣ መድኃኒቴን ሰው እንዳያይብኝ ፈርቼ አቋረጥኩ፤ ወደ ከተማ ስንመለስም እንደገና ለመጀመር አፍሬ ወራት አለፉ። በዚያው ጊዜ በሐፍረተ ሥጋዬና በመቀመጫዬ አካባቢ ትናንሽ እባጮች ወጡ፤ እያደርም እየተደራረቡ የአበባ ጎመን የመሰለ ቅርጽ ያዙ። ለአንዲት የልብ ወዳጄ ብነግራት «ኪንታሮት ነው» አለችኝ። ቋንቋችን የፊንጢጣ ደም ሥር እብጠትንም፣ በቆዳ ላይ የሚወጣውን እባጭም በአንድ ቃል ኪንታሮት ብሎ ስለሚጠራ፣ እኔም በየመብራት ምሰሶው ላይ «የኪንታሮት መድኃኒት» የሚል ወረቀት ወደሚለጥፉት ሰዎች ሄድኩ። በኋላ እንደተረዳሁት ሁለቱ በሽታዎች ከስማቸው በቀር የሚያገናኛቸው ነገር የለም።

ያ ሰው፣ የት እንደሚሠራም ማን እንደሆነም አልናገርም፣ ሳያየኝ በመጋረጃ ጀርባ ሆኖ 2,500 ብር ተቀበለኝና አረንጓዴ ልውስ በብልቃጥ ሰጠኝ። በቀባሁት ሌሊት የእሳት ፍም የተቀመጠብኝ ያህል ተቃጠልኩ። እባጩ ሳይነካ ጤነኛው ቆዳዬ ተላጠ፤ ለሦስት ሳምንት ያህል በርጩማ ላይ ተቀምጬ ቡና ማፍላት አልቻልኩም። ጎረቤቶቼ ቆሜ ስቀዳ እያዩ «ምን ሆነሽ ነው?» ሲሉኝ ወገቤን ነው እያልኩ ዋሸሁ። ተመልሼ ስነግረው «መርዙ እየወጣ ነው፤ ሁለተኛውን ብልቃጥ ግዢ» አለኝ። እንዲህ ያለው ሰው ዛሬም ወረቀቱን እየለጠፈ ይኖራል።

ከዚያ በኋላ የሄድኩበት የሕክምና ቦታ ደግሞ በሌላ መንገድ አቃጠለኝ። ካርዴን ያነበበችው ሠራተኛ በኮሪደሩ ሙሉ ሰው ፊት «ያቺ የኤ አር ቲዋ ትግባ» ብላ ተጣራች፤ ኤ አር ቲ የሚሉት የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ነው። ገብቼ ልብሴን ካወለቅሁ በኋላ ማንም ሳያስፈቅደኝ ነጭ ጋዋን የለበሱ ስድስት ወጣቶች በሩን ከፍተው ገቡና ዙሪያዬን ቆሙ። የሚመረምረኝ ሰው ስለ እኔ ለእነርሱ አስረዳ፣ ለእኔ ግን አንድም ቃል ሳይናገር ጓንቱን አውልቆ «በዚህ ሁኔታሽ ወንድ ጋር ትሄጃለሽ?» አለኝ። እኔ ደግሞ የ12 ዓመት ትዳር ያለኝ ሴት ነበርኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ማንም እንዳያየኝ ወሰንኩ፤ የኤች አይ ቪ መድኃኒቴን ብቻ ዳግም ጀምሬ፣ ሌላውን ነገር ሞት ይጨርሰው ብዬ ተውኩት።

በ2015 ዓ.ም. መድኃኒት ልወስድ በሄድኩበት ቀን የክትትል ክፍሉ ባለሙያ «የማህፀን በር ምርመራ አድርገሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ወደ ሲስተር ላከኝ። እኔም እሺ ብዬ ወጣሁና ወደ መውጫው በር አቀናሁ። ያገኘችኝ እዚያው በር ላይ ነው፤ እንዴት እንዳወቀችኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። «እርስዎን እየጠበቅሁ ነበር፤ ካልፈለጉ አንመረመርም፤ ቁጭ ብለን እናውራ» አለችኝ። በእድሜ ከእኔ ታንሳለች፣ ቢሆንም እኔ ራሴ «አንቺ በይኝ» እስካልኳት ድረስ በአንቱታ ነበር የምታናግረኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ በአንድ የሕክምና ክፍል ውስጥ አንቱ ስባል የመጀመሪያዬ ነበር።

ክፍሏ ገብተን በሩን ከውስጥ ቆለፈች፤ በመስኮቱ ላይም ነጠላ ሰቀለች። ምርመራው እንዴት እንደሚደረግ ስታስረዳኝ «አሴቲክ አሲድ እንቀባለን» ከሚለው ላይ ስትደርስ ከአልጋው ዘልዬ ወረድኩ። አሲድ የሚለውን ቃል ስሰማ ያ ብልቃጥ ነው የታየኝ፤ ጫማዬን ሳላደርግ እያለቀስኩ ቆምኩ። ሲስተር አልተቆጣችኝም፣ «አይዞሽ ምንም አይልሽም» ብላም አላለፈችኝም። ጥጥ ወስዳ ከፈሳሹ ነከረች፤ በመጀመሪያ የገዛ እጇን ጀርባ አሸችበት፣ ቀጥላም ጥጡን ወደ አፍንጫዬ አቀረበችና «እስኪ ያሽትቱት» አለችኝ። አሸተትኩት። «አቼቶ ነው!» አልኳት። «አዎ፣ አቼቶ ነው። ሰላጣ ላይ የምናደርገው፤ እንዲያውም ቀጠን ያለ ነው» አለችና ሳቀች፤ እኔም እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅሁ። ስለ እርሷ ከሚነገረው ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው ያ ጥጥ ነው። የሰው ፍርሃት ከየት እንደመጣ ሳትጠይቅ፣ ፍርሃቱን በገዛ እጇ ላይ ቀድማ ቀመሰችልኝ።

አቼቶው ተቀብቶ አንድ ደቂቃ ያህል ሲቆይ፣ ጤናማ ያልሆነው የማህፀን በር ክፍል ነጣ ብሎ ይታያል። የእኔም ነጣ። ሲስተር ይህ ካንሰር እንዳልሆነ፣ ዝም ከተባለ ግን ከዓመታት በኋላ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ምልክት እንደሆነ በረጋ ድምፅ ነገረችኝ፤ እባጩንም አየችና ሁለቱን ነገሮች የሚያመጣቸው ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ መሆኑን አስረዳችኝ። እኔ ኤች አይ ቪን ደግማ የነገረችኝ መስሎኝ «እሱንማ አውቃለሁ» አልኳት። ስማቸው ቢመሳሰልም የተለያዩ ቫይረሶች ናቸው። ኤች ፒ ቪ ብዙ ዓይነት አለው፤ እባጩን በአብዛኛው የሚያወጡት 6 እና 11 የተባሉት ዓይነቶች ሲሆኑ፣ ከማህፀን በር ካንሰር ውስጥ 70 በመቶ ያህሉን የሚያመጡት ግን 16 እና 18 የተባሉት ናቸው። ስለዚህ እባጭ የወጣባት ሁሉ ካንሰር ይይዛታል ማለት አይደለም፤ እባጭ የሌለባትም ደህና ነኝ ብላ መቅረት የለባትም።

ከኤች አይ ቪ ጋር ለምንኖር ሴቶች ግን ነገሩ ይከብዳል። ሰውነታችን ኤች ፒ ቪን በራሱ አቅም ጠራርጎ ለማስወጣት ስለሚቸገር፣ በማህፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድላችን ኤች አይ ቪ ከሌለባቸው ሴቶች ስድስት እጥፍ እንደሚሆን ነግራኛለች። የመከላከል አቅሟ ደህና የሆነች ሴት ላይ ከኤች ፒ ቪ እስከ ካንሰር ያለው መንገድ ከ15 እስከ 20 ዓመት ሲወስድ፣ የኤች አይ ቪ ሕክምና ያላገኘች ሴት ላይ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ብቻ ሊወስድ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለእኛ ምርመራው ከ25 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ እንዲሆን የሚመክረው ለዚህ ነው። መድኃኒታችንን ሳናቋርጥ መውሰዳችን ይረዳል፤ ምርመራውን ግን አይተካም። ይህን ያወቅሁት በ40 ዓመቴ ነው፤ ያውም በአጋጣሚ።

ሕክምናውን በዚያው ቀን ሠራችልኝ። መሣሪያው የነጣውን ቦታ በብርድ እንደሚያደርቅ ከመረዳት ያለፈ አልገባኝም። 3 ደቂቃ ቀዘቀዘ፣ 5 ደቂቃ ጠበቅን፣ እንደገና 3 ደቂቃ ቀዘቀዘ፤ የወር አበባ ቁርጠት የመሰለ ሕመም ተሰማኝ እንጂ ከዚያ የከፋ አልነበረም። በመካከል ባለው 5 ደቂቃ ስለ ቡና አቆላል ጠየቀችኝና ስመልስላት ጊዜው አለቀ። ለሳምንታት ውኃ የመሰለ ፈሳሽ እንደሚኖረኝ፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከግብረ ሥጋ ግንኙነት መታቀብ እንዳለብኝ፣ ትኩሳት ወይም ብዙ ደም ካየሁ ሳልውል ሳላድር እንድመጣ ነገረችኝ። ለእባጩ ደግሞ ሐኪሙ ያዘዘውን ቡናማ ፈሳሽ በየሳምንቱ እርሷው ትቀባልኝ ነበር፤ በዙሪያው ያለውን ጤነኛ ቆዳ አስቀድማ በቫዝሊን ትሸፍናለች፣ በስንት ሰዓት እንደምታጠበውም በወረቀት ጽፋ ትሰጠኛለች። ያኔ የተላጠውን ቆዳዬን እያሰብኩ ያቺን ቫዝሊን ሳይ ሁልጊዜ ሆዴ ይባባል።

ስለ ባለቤቴም ልናገር። «ይህን ደግሞ ከየት አመጣሽው?» ብሎኝ ቤታችን ለሁለት ሳምንት ተኮራርፎ ነበር። ሲስተር ይዤው እንድመጣ አደረገችና፣ ኤች ፒ ቪ ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ሊቀመጥ እንደሚችል፣ ስለዚህም ማን ከማን መቼ እንደያዘው ማወቅ እንደማይቻል፣ ትዳር ከመመሥረታችን በፊት በአንዳችን ላይ የነበረ ሊሆን እንደሚችል አስረዳችው። ኮንዶም እንደሚቀንሰው እንጂ ፈጽሞ እንደማያስቀረው ሳትደብቅ ነገረችን። ባለቤቴ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም፤ ሲወጣ «ሲስተር፣ እጅሽ ይባረክ» አላት። ከዚያ በኋላ ለክትትል ስሄድ በባጃጅ የሚያደርሰኝ እርሱ ነው።

ታሪኩ በአንድ ጊዜ ሕክምና እንዳላበቃ ግን በሐቅ መናገር አለብኝ። በዓመቱ ስመረመር የነጣው ቦታ ተመልሶ ታየ፤ በእኛ ላይ መመለሱ የተለመደ ነው። ሲስተር በእርሷ ክፍል የሚሠራው በቂ እንዳልሆነ ተናግራ፣ ሊፕ ለሚባለው ሕክምና ወደ ሐኪም መራችኝ። ከአቅሜ በላይ ነው ብሎ በጊዜ የሚልክ ባለሙያ ስንት አለ? ሐኪሙ ቦታውን አደንዝዞ የታመመውን ክፍል በቀጭን ሽቦ ቆርጦ አወጣው፤ ወደ ላቦራቶሪ ተልኮም ካንሰር እንዳልሆነ ተረጋገጠ። ውጤቱን እስክንሰማ ባሉት ቀናት ሲስተር በየማታው «እህል ቀምሰሻል?» እያለች ትደውልልኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ምርመራዬ ንጹሕ ነበር። ከእባጩ አንዲት ፍሬ አልፎ አልፎ ብቅ ትላለች፤ ሳትሰፋ ሄጄ አስነሣታለሁ። ቫይረሱን ራሱን የሚገድል መድኃኒት የለም፤ የሚታከመው የሚያመጣው ጉዳት ስለሆነ፣ እንደ ኤች አይ ቪው ሁሉ አብሬው መኖርን ተምሬያለሁ።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። የኤች ፒ ቪ ክትባት በአገራችን ለሴት ልጆች መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን፣ ትልቋ ልጄ 14 ዓመት ሞልቷት በትምህርት ቤት ሲከተቡ «መካን ያደርጋል» የሚለውን የሰፈር ወሬ ሰምቼ ቤት አስቀረኋት። ሲስተር ወሬው ውሸት መሆኑን፣ ክትባቱም የሚከላከለው እኔን ያሠቃየኝን ያንኑ ነገር መሆኑን ስታስረዳኝ አንገቴን ደፋሁ። ታናሽቱ ግን ተከትባለች፤ በራሴ እጅ ይዣት ሄጄ።

ምስጋናዬን ለመግለጽ ባለፈው በዓል ማግስት ሁለት ኪሎ ቡና ይዤላት ሄጄ ነበር። አልቀበልም አለች። ስለማመን ግን «እንግዲያው እዚሁ ይፈላ» ብላ ጀበና አስመጣችና በሰልፍ ለሚጠብቁት ሁሉ ተቀዳ። ከቀርሳ ገጠር የመጡ አንዲት እናት ፈርተው ሊመለሱ ሲሉ ሲስተር በአፋን ኦሮሞ እያነጋገረቻቸው፣ ጥጡን በእጇ ጀርባ ላይ አሽታ ወደ አፍንጫቸው ስታቀርብ በበሩ ስንጥቅ አየሁ።

እህቶቼ፣ በተለይ መድኃኒት የምትወስዱ፣ እባካችሁ ሂዱ። ጅማ ያላችሁ ወደ እርሷ ሂዱ፤ በአጋሮም በሌላም ያላችሁ በምትከታተሉበት ክፍል «የማህፀን በር ምርመራ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ለምርመራው አንድም ብር አልተጠየቅሁም። የወር አበባ ባልመጣበት ቀን ሂዱ፤ ጉርድ ቀሚስ ልበሱ፣ ልብስ ማውለቁ ይቀልላችኋል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ከደረሳችሁ ሰልፉ አጭር ነው። የእኔ ቀጠሮ ሚያዝያ ላይ ነው፤ ብቻዋን መሄድ የምትፈራ ካለች ትጻፍልኝ፣ አብረን እንሄዳለን።