ከእርግዝና በፊት የሚወሰድ ፎሊክ አሲድ፦ ከሦስት ምርቶች የመረጥኩት

ከባለቤቴ ጋር ልጅ ለመውለድ ከወሰንን ወዲህ ባሉት ስምንት ወራት ሦስት ዓይነት የቫይታሚን ምርት ቤታችን ገብቷል፤ ዛሬም በየማለዳው የምወስደው ግን ዋጋው ከሁሉም የሚያንሰውን፣ ማሸጊያውም ዓይን የማይስበውን ባለ 400 ማይክሮ ግራም የፎሊክ አሲድ ክኒን ነው። በቶሎ ያስረግዛል ብላ የምትገዛው ካለች ታዝናለች፤ ሥራው ሌላ ነውና። ፎሊክ አሲድ የቢ ቫይታሚን ዓይነት ሲሆን፣ የፅንሱ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ በደንብ እንዲዘጋ ይረዳል። ይህ ቱቦ ፅንስ በተፈጠረ በ28 ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል፤ ያን ጊዜ ደግሞ አብዛኞቻችን የወር አበባችን መቅረቱን ገና መጠራጠር መጀመራችን ነው። ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ ስንሄድ የሚሰጠን አይረንና ፎሊክ አሲድ ያለበት ክኒን ለደም ማነስ እጅግ ቢጠቅምም፣ ለዚህ ቱቦ ግን ብዙውን ጊዜ ይዘገያል። የዓለም ጤና ድርጅት ለማርገዝ መሞከር ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት በቀን 400 ማይክሮ ግራም እንዲወሰድ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ምርት ሜሪላንድ የምትኖረው እኅቴ የላከችልኝ፣ እንደ ከረሜላ የሚታኘክ ባለ ብዙ ቫይታሚን ነበር። ጣዕሙ ደስ ይላል፤ አዮዲንም አለው። ይሁን እንጂ ጀርባው ላይ «680 ማይክሮ ግራም ዲኤፍኢ» የሚል አይቼ መጠኑ በዛ ብዬ ለሦስት ሳምንት አንድ ፍሬ ብቻ ስወስድ ቆየሁ። ዲኤፍኢ በምግብ ውስጥ ካለው ፎሌት (የዚሁ ቫይታሚን የተፈጥሮ መልክ) ጋር ማነጻጸሪያ ነው፤ በክኒን መልክ ያለው ፎሊክ አሲድ ከምግቡ ይልቅ በቀላሉ ወደ ሰውነት ስለሚገባ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይጻፋል። አጠገቡ በቅንፍ የሰፈረው ትክክለኛው መጠን 400 ነበር፤ እሱም የሚገኘው ሁለት ፍሬ ሲወሰድ ነው። አይረን ደግሞ ጨርሶ የለበትም።

ሁለተኛውን የገዛሁት ሰፈራችን ካለ ፋርማሲ ሲሆን፣ ሻጩ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቀኝ ባለ 5 ሚሊ ግራሙን ሰጠኝ። ይህ ከሚያስፈልገኝ 12 እጥፍ ተኩል ነው። መጠኑ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጠው ለምሳሌ ቀደም ሲል የህብለ ሰረሰር ችግር ያለበት ልጅ ላረገዘች ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለምትወስድ ሴት ነው። ከዚህም በላይ ብዙ ፎሊክ አሲድ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ቢኖር እንኳ ሳይታወቅ ተደብቆ እንዲቆይ ሊያደርግ ይችላል፤ ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ስለሆነ፣ ጾም ለምናበዛ ሰዎች ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ሳይጠይቁ መሸጥ በጣም አሳዝኖኛል።

ሦስተኛውን ያገኘሁት ሌላ ፋርማሲ ነው። ፋርማሲስቷ መደርደሪያው ጋ ከመሄዷ በፊት «እኅቴ፣ አሁን የምትወስጂው ሌላ መድኃኒት አለ? ስኳርስ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ መልሴን ሰምታ ባለ 400ውን አወጣችልኝ። ክኒኑ ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም፤ ጣዕም የለውም፤ በባዶ ሆድ ስወስደውም አላቅለሸለሸኝም። ጉድለቱ ማሸጊያው ላይ አንዲት ቃል አማርኛ አለመኖሩና ከፎሊክ አሲድ ሌላ ምንም አለመያዙ ነው። ስለዚህ አዮዲኑን አዮዲን ካለው ጨው አገኛለሁ፤ አይረኑን ግን ደሜን ሳልመረመር በራሴ አልጀመርኩም።

እሷው በነገረችኝ መሠረት የጎመን አሠራሬንም ቀይሬአለሁ። እናቴ እንዳስተማረችኝ ቀቅዬ ውሃውን እየጨመቅሁ እደፋ ነበር፤ ፎሌት ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟና ሙቀትም ስለሚጎዳው፣ አሁን በደቃቁ ከትፌ በራሱ ውሃ ለአጭር ጊዜ ብቻ አበስላለሁ። ጉበት ያለበትን ዱለትም ትቻለሁ፤ ጉበት ውስጥ በብዛት ያለው ሬቲኖል የተባለው የቫይታሚን ኤ ዓይነት ሲበዛ ፅንስን ይጎዳል። ባለ ብዙ ቫይታሚን የምትገዛም ሴት ቫይታሚን ኤው ቤታ ካሮቲን (ከአትክልት የሚገኘው ዓይነት) መሆኑን ማሸጊያው ላይ ታረጋግጥ።

አሁን አንዱ ቅጠል ሲጋመስ ቀጣዩን እገዛለሁ፤ ባለፈው ወር ክኒኑ ከገበያ ጠፍቶ አራት ቀን አምልጦኛልና።