የበርሊኑ ቶፖግራፊ ዴስ ቴሮርስ ሙዚየም፦ ጊዜ ወስዳችሁ እዩት

በርሊን ለምትኖሩም ለምታልፉም ይህን ሙዚየም እመክራለሁ። የተሠራው የናዚዎቹ ምስጢራዊ ፖሊስ የጌስታፖ ዋና መሥሪያ ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ነው። መግቢያው ነፃ ነው።

እኔ ብዙ የቆየሁት የ1933ቱ ክፍል ጋ ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሂትለር በመፈንቅለ መንግሥት አልመጣም። ጃንዋሪ 30 ቻንስለር አድርገው የሾሙት ፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግ ራሳቸው ናቸው። ፌብሩዋሪ 27 ፓርላማው ተቃጠለ። በማግስቱ የመናገርና የመሰብሰብ መብት በአዋጅ ታገደ። ማርች 23 ደግሞ ፓርላማው ሕግ የማውጣት ሥልጣኑን በ444 ድምፅ ለካቢኔው አስረከበ። ሁለት ወር እንኳ አልሞላም! የተቃወሙት 94 ብቻ ነበሩ፤ ሁሉም ሶሻል ዴሞክራቶች። አዳራሹ ውስጥ የናዚ ታጣቂ ቆሞባቸው እምቢ አሉ። እነዚህን ሰዎች ከልቤ አከብራቸዋለሁ። ኮሚኒስቶቹማ ታስረው ወይም ተሰደው በቦታው አልነበሩም። በ1934 ሂንደንቡርግ ሲሞቱ ሂትለር የፕሬዚዳንቱንም ሥልጣን ጠቀለለው።

ጽሑፉ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ ንባብ ይበዛዋል። ፎቶዎቹ ስለሚከብዱ ትንንሽ ልጆችን ባትወስዱ ይሻላል። ጎረምሶቹን ግን ይዛችሁ ሂዱ። ውጭ የበርሊን ግንብ ቅሪትም አለ፣ እሱንም ሳታዩ አትመለሱ።