ለቲ-55፣ ለቲ-62 እና ለቲ-72 ሞዴሎች የሚሸጡ ተተኪ የመድፍ አፈሙዞች፦ ንጽጽር

በ1፡35 መጠን (ከእውነተኛው 35 ጊዜ ባነሰ) የቲ-55 ታንክ ሞዴል የሚሠራ ሰው ለመድፉ አፈሙዝ ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ ቢያወጣ ተገቢ ነው ወይ ተብዬ ብጠየቅ መልሴ ያለማመንታት አዎን ነው። ያው ጥያቄ ስለ ቲ-72 ቢቀርብልኝ ግን የምመልሰው ሌላ ነው። ልዩነቱ የሚመነጨው ከአምራቾቹ ችሎታ ሳይሆን ከመድፎቹ ከራሳቸው ቅርጽ ስለሆነ፣ ከኪቱ (ከተገጣጣሚው የሞዴል ክፍሎች ስብስብ) ውጭ ለብቻቸው የሚሸጡትን አፈሙዞች የማነጻጽረው በታንኩ ዓይነት እየለየሁ ነው። የመረጥኳቸውም በሀገራችን ሠራዊት ውስጥ ያገለገሉ በመሆናቸው ብዙ አንባቢ በመልክም በስምም የሚያውቃቸው ታንኮች ናቸው፤ ቲ-55 እና ቲ-62 በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት የመጡ ሲሆኑ፣ ቲ-72ቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ከዩክሬን ጋር በተደረገ የግዥ ስምምነት የተገኙ ናቸው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከአሜሪካ ስለመጣው ኤም-41ም መጨረሻ ላይ ጥቂት እላለሁ።

ከቲ-55 እንጀምር። ብዙ ነባር ኪቶች አፈሙዙን ለቁመቱ ለሁለት ከፍለው ያቀርቡታል። ሁለቱ ግማሾች ሲጣበቁ ከላይና ከታች የመጋጠሚያ መስመር ይቀራል፤ መስመሩን በብርጭቆ ወረቀት ለማጥፋት ሲሞከር ደግሞ ክብ የነበረው አካል ከሁለት በኩል እየተላገ ሞላላ ይሆናል። በዚህ ታንክ ላይ ጉዳቱ ከሁሉም በላይ የሚታየው በአፈሙዙ ጫፍ ላይ ባለው የጭስ ማስወገጃ ነው። ይህ ክፍል ከቱቦው ወፈር ያለ ሲሊንደር ሲሆን፣ ከቱቦው ጋር የሚገናኝበት ደረጃ ጥርት ያለ ጠርዝ አለው፤ ብርጭቆ ወረቀቱ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ በተሻገረ ቁጥር ያ ጠርዝ እየደበዘዘ ይሄዳል። ቀለም ከተቀባ በኋላ ጉድለቱ ይበልጥ ይጎላል፤ ምክንያቱም ጥላ በትክክል ማረፍ ያለበት እዚያ ደረጃ ላይ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የወጡ ኪቶች አፈሙዙን በአንድ ወጥ ቁራጭ፣ ቀዳዳውንም ከፍተው ማቅረባቸው ችግሩን በእጅጉ ቀንሶታል። ያም ሆኖ በቅርጽ ማውጫው ግማሾች መካከል የሚፈጠረው ቀጭን መስመር አይቀርም፤ እሱም ሲላግ ያው አደጋ ይከተለዋል።

ተተኪው አፈሙዝ ትክክለኛ መሆኑን ለማወቅ የእውነተኛውን መድፍ መጠን ማወቅ ያስፈልጋል። የቲ-55 መድፍ ዲ-10ቲ2ኤስ ይባላል፤ ካሊበሩ (የቀዳዳው ስፋት) 100 ሚሊሜትር ሲሆን የአፈሙዙ ርዝመት 53.5 ካሊበር፣ ማለትም የቀዳዳው ስፋት 53.5 እጥፍ ወይም 5.35 ሜትር ነው። ይህ ለ35 ሲካፈል ወደ 153 ሚሊሜትር ይመጣል። ቀዳዳው ደግሞ 2.86 ሚሊሜትር ስፋት ሊኖረው ይገባል። ርዝመቱን በቀጥታ ማመሳከር አይቻልም፤ የአፈሙዙ የኋላ ክፍል በታንኩ ተዘዋዋሪ ራስ ውስጥ ስለሚደበቅ ተተኪ አፈሙዞች የሚሠሩት በአብዛኛው የሚታየውን ክፍል ብቻ ይዘው ነው። ቀዳዳው ግን አያሳስትም። የ2.8 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ በጅራቱ በኩል ወደ ቀዳዳው ሲገባ ጥቂት ላላ ብሎ መግባት አለበት፤ የ3 ሚሊሜትሩ ግን ጨርሶ መግባት የለበትም። ሱቅ ውስጥ ቆሞም ሆነ ፖስታ ተቀብሎ ይህን መሞከር የደቂቃ ሥራ ነው፤ አንድ አምራች ለሥራው ምን ያህል እንደተጠነቀቀም ወዲያው ያሳውቃል።

ለዚህ መድፍ በቶርኖ የተቀረጹ የአሉሚኒየም አፈሙዞች ከሚያቀርቡት መካከል የፖላንዶቹ አበር እና አርቢ ሞዴል በብዛት የሚገኙ ናቸው። የጭስ ማስወገጃው ከቱቦው ጋር ከአንድ ዘንግ ተቀርጾ ስለሚወጣ ከላይ ያነሣሁት ጠርዝ ሹል ሆኖ ይቀራል፤ ቱቦውም ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድበት መስመር ያለ መጋጠሚያ፣ ያለ ሞላላነት ይወርዳል። አርቢ ሞዴል በዋጋው ዝቅ ይላል። አበር ደግሞ የሚታወቀው ከአፈሙዙ ጋር ጥቃቅን የናስ ክፍሎችን አቀናጅቶ በማቅረብ ነው፤ ይህ ብልጫው ጎልቶ የሚታየው ግን እንደ ጀርመኖቹ ታይገርና ፓንተር ጫፋቸው ላይ ውስብስብ የአፈሙዝ ፍሬን ባላቸው መድፎች ነው። ለቲ-55 የሚያስፈልገው ቀጥ ያለ ቱቦና አንድ ሲሊንደር ብቻ በመሆኑ ለዚህ ታንክ አርቢ ሞዴልን እመርጣለሁ። የዩክሬኑ ማጂክ ሞዴልስም ለሶቪየት ሠራሽ መሣሪያዎች ሰፊ ምርጫ ስላለው ሊታይ ይገባዋል። የስፔኑ ጆርዲ ሩቢዮ የብረት አፈሙዝ ብዙ አማራጭ ባልነበረበት ጊዜ በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ ስሙ የታወቀ ነበር።

ብረት መሆኑ ብቻ ግን ዋስትና አይሆንም። ስሙን ከማልጠቅሰው አምራች የገዛሁት የዲ-10 አፈሙዝ የቶርኖው ስለት የተወው ክብ ጭረት በጥፍር ሲነካ ይታወቅ ነበር፤ በመስታወት ላይ ሳንከባልለውም በቱቦውና በመስታወቱ መካከል የሚታየው የብርሃን ክፍተት አንዴ ሲሰፋ አንዴ ሲጠብ አየሁ፤ ይህም ቱቦው መጉበጡን ያሳያል። ጭረቱ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ሊለሰልስ ይችላል፤ የጎበጠ አሉሚኒየም ግን ለማቃናት ሲሞከር ቀጭኑ ቦታ ላይ ስለሚታጠፍ መመለስ ወይም ማስቀየር እንጂ መታገል አያዋጣም።

አንዳንድ አምራቾች በቀዳዳው ውስጥ የሚታዩትን ጠመዝማዛ ቦዮችም ይቀርጻሉ፤ ገዢዎችም ይህን እንደ ትልቅ ብልጫ ይቆጥሩታል። በእኔ ግምት ከሚገባው በላይ ክብር ተሰጥቶታል። በእውነተኛው መድፍ የቦዮቹ ጥልቀት አንድ ሁለት ሚሊሜትር ያህል በመሆኑ በ1፡35 መጠን ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ክፍሎች ጥቂቶቹ ብቻ ይሆናል፤ በዓይን እንዲታይ ተብሎ ሲቀረጽ የግድ ይጋነናል። ከዚህ የከፋ ስሕተትም አለ። በ1961 እ.ኤ.አ. አገልግሎት ላይ የዋለው ቲ-62 የሚታወቀው ቦይ በሌለው ልሙጥ አፈሙዝ ነው፤ ባለ 115 ሚሊሜትር መድፉ ዩ-5ቲኤስ ይባላል። ስለዚህ ለቲ-62 ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ ቦይ የተቀረጸበት አፈሙዝ የትኛውም አምራች ቢሠራው መገዛት የለበትም። የዚህ ታንክ ቀዳዳ በ1፡35 መጠን 3.29 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የጭስ ማስወገጃውም እንደ ቲ-55 ጫፉ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ይቀመጣል። ሁለቱን ታንኮች ከሩቅ ለመለየት ከሚረዱት ምልክቶች አንዱ ይኸው በመሆኑ፣ በቲ-62 አፈሙዝ ላይ ከቀዳዳው ስፋት ጋር አብሮ መታየት ያለበት ከጫፉ እስከ ማስወገጃው ያለው ርቀት ነው። ለልሙጥ ቱቦ ከአሉሚኒየም የሚሻል የለም፤ የቲ-62 ባለቤቶችም ያለ ሥጋት እንዲገዙ እመክራለሁ።

በቲ-54 እና በቲ-55 መካከልም መጠንቀቅ ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ቲ-54ዎች አፈሙዝ ጫፉ ባዶ ነበር፤ በቲ-54ኤ ላይ መጀመሪያ ጫፉ ላይ ክብደት ማመጣጠኛ ተጨመረ፣ በኋላም በጭስ ማስወገጃ ተተካ። በጥቅሉ «100 ሚሊሜትር ዲ-10» የሚል ጽሑፍ ብቻ ያለበትን ከመግዛት በፊት በፎቶው ላይ ጫፉን ማየት ያስፈልጋል።

ወደ ቲ-72 ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። ባለ 125 ሚሊሜትሩ 2ኤ46 መድፍ 48 ካሊበር፣ ማለትም 6 ሜትር ርዝመት ስላለው በሞዴሉ ወደ 171 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ነገር ግን ከዚህ አብዛኛው ክፍል በስስ የሙቀት መከላከያ ሽፋን የተሸፈነ ነው። ሽፋኑ በክፍል በክፍል የተሠራ ሲሆን፣ ክፍሎቹን የሚያያይዙ ማቀፊያዎች፣ ብሎኖችና ለቁመቱ የሚሄዱ መጋጠሚያዎች አሉት። ቶርኖ የሚቀርጸው ዙሪያውን አንድ ዓይነት የሆነን ነገር ብቻ ነው፤ በአንድ ጎን ብቻ የሚታይ ብሎን ወይም መጋጠሚያ ሊያወጣ አይችልም። ስለዚህ ተራው የአሉሚኒየም አፈሙዝ የሽፋኑን ቀለበቶች በትክክል ያሳይና ሌላውን ዝርዝር ይተወዋል፤ ወይም ገዢው ስስ የናስ ጥብጣቦችን አጥፎ ራሱ እንዲያጣብቅ ይጠብቃል። ጥብጣቦቹን በክብ ቱቦ ላይ ዙሪያቸውን አስተካክሎ መጠምጠም እጁ ለለመደ ሰው ደስ የሚል ሥራ ነው፤ ለጀማሪ ግን አይመከርም። በቲ-72 ላይ ሬዚን (በቅርጽ ማውጫ ፈሶ የሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ነገር) ወይም በሦስት አቅጣጫ ማተሚያ የወጣ አፈሙዝ ከብረቱ ይበልጣል ብዬ የማምነው በዚህ ምክንያት ነው። ሬዚን ብሎኑንም መጋጠሚያውንም በአንድ ጊዜ ይዞ ይወጣል። ድክመቱ መጉበጡ ነው፤ ቀላል ጉብጠት በሙቅ ውኃ ነክሮ በጠፍጣፋ ነገር ላይ በማስተኛት ይቃናል፣ ሆኖም በሞቃት ክፍል ውስጥ ተመልሶ ሊጎብጥ ስለሚችል በውስጡ የብረት ሽቦ ያለውን መምረጥ ይሻላል። የታተሙት ደግሞ የንብርብር መስመራቸው ከጭረት አልባው የብረት ገጽ ጋር አይወዳደርም፤ ሲወድቁም ይሰበራሉ። የኪቱ አፈሙዝ በአንድ ወጥ ቁራጭ የመጣና ሽፋኑ በሚገባ የተቀረጸ ከሆነ ገንዘቡን ለታንኩ መሄጃ ሰንሰለት ማዋል ይበልጥ ያዋጣል።

ኤም-41 ባለ 76 ሚሊሜትር መድፍ ሲሆን፣ ጫፉ ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተዘረጋ አግድም ቱቦ አለው። ዋናው ቱቦ ከብረት፣ አግድሙ ለብቻው የተሠራለትን ዓይነት መግዛት ተገቢ ነው፤ ሲጣበቅ አግድሙ ከታንኩ ወለል ጋር ትይዩ መሆኑን ከፊት ለፊት ሆኖ ማየት ይበቃል።

ስለ ገጠማው ሁለት ነገር ልበል። ለፕላስቲክ የተሠራው ማጣበቂያ ብረትን አይዝም። ሱፐር ግሉ ይይዛል፤ ነገር ግን ወዲያው ስለሚደርቅ አፈሙዙ ተንጋዶ ከተቀመጠ ማስተካከያ ጊዜ አይሰጥም። ቀስ ብሎ የሚደርቀው ኢፖክሲ አፈሙዙን ከላይም ከጎንም እያዩ ለማቅናት ስለሚያስችል እሱን እመርጣለሁ፤ በቲ-55 ላይ የመድፉን ሥር የሚሸፍነው ሸራ ቀዳዳ ከብረቱ ሥር ጋር ስለማይመጣጠንም ክፍተቱን ይሞላዋል። አሉሚኒየሙ በአልኮል ተጠርጎ ለብረት የሚሆን ፕራይመር ካልተቀባ ቀለሙ በጣት ጥፍር ይላጣል። ከናስ የተሠሩትን የሚመርጡ ሰዎች ደግሞ ናስ ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ያህል እንደሚከብድ ያስቡበት፤ መድፉ ከፍና ዝቅ እንዲል ሆኖ ከተገጠመ አፈሙዙ በክብደቱ ይዘቀዘቃል፣ ስለዚህ ማዞሪያው ላይ በማጣበቂያ መቆም አለበት።

ከውጭ የሚያዝዙ ሰዎች ሻጩ በጥቅሉ ላይ «የመድፍ አፈሙዝ» ብሎ ብቻ እንዳይጽፍ አስቀድመው ይጠይቁ፤ የፕላስቲክ ሞዴል መለዋወጫ መሆኑና መጠኑ 1፡35 እንደሆነ በግልጽ ከተጻፈ በጉምሩክ በኩል የሚነሣውን አላስፈላጊ ጥያቄ ይቀንሳል። በጠንካራ የካርቶን ወይም የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ እንዲታሸግም መጠየቅ ይገባል፤ በስስ ፖስታ የተላከ አሉሚኒየም በሌላ ዕቃ ተጭኖ ጎብጦ ሊደርስ ይችላል።